ሰላምታ የበላው ሃያ ሰከንድ

ኦሂቶ፣ ኒው ሜክሲኮ
ሰኞ፣ ጁላይ 15

የምወድሽ ልጄ ቤርና፣

ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። እኔ ዝምተኛ ሆኜ አልተወለድኩም። በልጅነቴ "ወፍጮ" ነበር የሚሉኝ፤ አፌ አያርፍም ነበር። እናቴ ውሃ ስትልከኝ ከቦዩ ዳር ካገኘሁት ሰው ሁሉ ጋር ሳወራ ቆይቼ ባዶ ባልዲ ይዤ የተመለስኩበት ቀን ብዙ ነው። አንቺ የምታውቂያት ሴት፣ እራት አቅርባ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ሳህን የምታጥበው፣ በኋላ የመጣች ናት። ከየት እንደመጣች አባትሽም በደንብ አልገባውም። ሳልነግረው ሞተ።

ሰላምታ ሳላስቀድም ወደ ነገሬ መግባቴን አውቃለሁ። በእኛ መንደር ደብዳቤ እንዲህ አይጀመርም፤ እናቴ ብታየው ወረቀቱን ከእጄ ነጥቃ ምድጃ ውስጥ ትከተው ነበር። ግን ሰላምታ ምን ያህል ጊዜ እንደሚበላ፣ ምን እንደሚያስከፍልም በዚህ ዓመት አይቻለሁና የእኔን ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ። አልረሳሁትም።

የምጽፍልሽ በኤፕሪል በስልክ ላልሽው ነገር መልስ ለመስጠት ነው። ልጅሽ ዴዝሬ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣው ነበር፤ ሁለታችን ባቄላ እየለቀምን ነበር። አንቺ እኔ መኖሬን አላወቅሽም። እሷ "የስፓኒሹን ፈተና ወጥ ቤት ውስጥ ከአያቴ ጋር ነው የምለማመደው፤ ስለ ድሮ ሰዎች ስታወራ ሆዴ እስኪያመኝ ነው የምታስቀኝ" አለችሽ።

"የእኔ እናት?" አልሽ። "ታስቅሻለች? ለእኔ አንድ ቃል ያልነበራት ሴትዮ ለአንቺ ፈተና የሚበቃ ቃል ከየት አመጣች?"

ዴዝሬ ደንግጣ ስልኩን ልትዘጋ ስትል እጇን ያዝኳት። ከዚያ ልብስ ላሰጣ ብዬ ወጣሁ። የሚሰጣ ልብስ አልነበረም።

ጥያቄሽ ተገቢ ጥያቄ ነው። እስካሁን የቆየሁት መልሱን ከየት እንደምጀምር ስለቸገረኝ ነው።

ትምህርት ቤት ስገባ እንግሊዝኛ አንድም ቃል አልነበረኝም። በመጀመሪያው ሳምንት አጠገቤ ለተቀመጠችው ልጅ በስፓኒሽ "ጫማሽ ተፈቷል" አልኳት። መምህሯ ከወንበሬ አንስታ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙራ አቆመችኝ። ስለ ጫማ ማሰሪያ። ከዚያ በኋላም ብዙ ጊዜ ቆምኩ፤ የዚያን ግድግዳ ስንጥቅ ሁሉ እስከ ዛሬ ልስልልሽ እችላለሁ። ከስምንተኛ ክፍል አቋረጥኩ። በራሴ ቋንቋ ማንበብ ያስተማረኝ ሌላ ግድግዳ ነው። በአያቴ ጎተራ ውስጥ ብርድ እንዳይገባ አሮጌ የስፓኒሽ ጋዜጣ ተለጥፎ ነበር። ሽንኩርት አምጪ ሲሉኝ እዚያ ቆሜ አነብ ነበር። አንዳንዱ ተገልብጦ ስለተለጠፈ አንገቴን አጣምሜ ነው የማነበው። የአንድ ሰርግ ወሬ ነበር፤ ሙሽራዋ ቤተ ክርስቲያን ልትገባ ስትል ይቋረጥና በላዩ ላይ የበግ ገበያ ወሬ ተለጥፏል። ያቺ ሙሽራ ትግባ አትግባ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አንቺ ስትወለጂ፣ ከሆስፒታል ስንወጣ፣ አባትሽ መኪናውን ሳያስነሳ መሪውን ይዞ ቆየ። "ይቺ ልጅ ፊቷን ወደ ግድግዳ አታዞርም" አለኝ። አባትሽን መሌሲዮንም እንደ እኔ አቁመውት ያውቃሉ። "ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ።" እሱ ወታደር ቤት ተምሮታል። እኔ የነበረኝ የሱቅ እንግሊዝኛ ነው፤ ስንት ነው፣ አመሰግናለሁ፣ ነገ ይመጣል። እሺ አልኩት። ማንም አላስገደደኝም፤ አምኜበት ነው። ግን በሱቅ እንግሊዝኛ ልጅ አይታቀፍም። ብይ፣ ተኚ፣ እግርሽን ጥረጊ እላለሁ፤ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ፣ ቁልምጫው፣ ተረቱ፣ ቀልዱ፣ በሌላው ቋንቋ ውስጥ ተቆልፎ ቀረ። አንቺ ፊት ስፓኒሽ እንዳያመልጠኝ ስል ከጎረቤት ጋርም ማውራት ቀነስኩ። ሰዎች መጀመሪያ አመማት ብለው ነበር፤ ኋላ ለመዱት። እኔም ለመድኩት።

ጸጉርሽን ስጎነጉን ግን ከኋላሽ ሆኜ ድምፅ ሳላወጣ ከንፈሬን አንቀሳቅስ ነበር። እናቴ ለእኔ ትለኝ የነበረውን ሁሉ እልሽ ነበር። አንድ ቀን ድንገት ዞር ብለሽ "ምን አልሽ?" አልሽኝ። የፊት ጥርስሽ ወልቆ ነበር።

"ምንም" አልኩሽ።

ሌላ ቀንም ጠየቅሽኝ፣ ሌላ ቀንም "ምንም" አልኩሽ። እያደግሽ ስትመጪ መጠየቁን ተውሽ። ወደ ሩቁ ስፖኬን ከተማ ስትሄጂ፣ አውቶቡስ ጣቢያው ውስጥ፣ "ትኬትሽን ይዘሻል?" አልኩሽ። ልለው የነበረው ያ አልነበረም። አባትሽን ስንቀብር መጥተሽ ሳህኑን አብረን አጠብን፤ አንቺ ታጥቢያለሽ፣ እኔ አደርቃለሁ። በዚያን ጊዜ ግን እንግሊዝኛዬ ደህና ሆኖ ነበር። መጽሐፍ የምታዞረው የቤተ መጻሕፍቱ መኪና በመጣች ቁጥር በሁለቱም ቋንቋ እየወሰድኩ አነብ ነበር። እንግዲህ የጎደለኝ ቋንቋ አልነበረም። ውስጤን የሚበላኝ ይኸኛው ነው፤ የመጀመሪያው አይደለም። መጀመሪያ ሳልችል ቀረሁ፤ ኋላ ግን እየቻልኩ ዝም አልኩ።

ዴዝሬን ከሁለት ዓመት በፊት፣ ከባልሽ ስትለያዪና የማታ ፈረቃ ስትገቢ፣ ሁለተኛ ደረጃን እዚህ ትጨርስ ብለሽ ላክሻት። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ ነው ከመኪና የወረደችው። የመጀመሪያውን ሰሞን ሁለታችንም ቃል ተነፋፍገን አለፍነው። አንድ ቀን ጠዋት ጓሮ ሆኜ ዶሮዎቹን ስሰድብ ሰማችኝ። ዶሮን በእንግሊዝኛ ተሳድቤ አላውቅም። ዞር ስል በሩ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ በሳቅ ትንፈራፈራለች።

"አያቴ፣ ያቺን ቀይዋን ምንድን ነው ያሏት?"

"አንቺ አይገባሽም።"

"አስተምሩኛ!"

ከዶሮ ስድብ ጀመርን። በሴፕቴምበር ሚስ ኒዬቬስ ክፍል ገባች፤ ከስፔን በኮንትራት የመጣች የስፓኒሽ መምህር ናት። በሁለተኛው ዓመት የዩኒቨርሲቲ ደረጃ የሆነውን ስፓኒሽ ያዘች። ያን ጊዜ ነው "ዩኒቨርሲቲም እዚሁ ልግባ" ብላ የጠየቀችሽ፤ ውሉንም ያወጣሽው አንቺ ነሽ። በሁለተኛ ደረጃ የምትወስዳቸው አራቱ ከፍተኛ ትምህርቶች ሁሉም በዩኒቨርሲቲው ሙሉ ክሬዲት ሆነው ከተቆጠሩላትና አንደኛ ዓመትን ከዘለለች እዚህ ትቅር፤ አንዱ ከጎደለ ስፖኬን ተመልሳ አንቺ ዘንድ እየኖረች ትማር። ጥሩ ውል ነው። በእንግሊዝኛው፣ በታሪኩና በባዮሎጂው አልሰጋንም። ለስፓኒሹ ግን እዚህ ያለው ዩኒቨርሲቲ ሙሉ ክሬዲት የሚሰጠው በዓመቱ መጨረሻ ፈተና ከአምስት አራት ላመጣ ነው፤ ሦስት ያመጣ ግማሹን ብቻ ያገኛል።

"አራት?" አለች ዴዝሬ። "እርስዎ እያሉልኝ?"

ኮራሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ ባስዞረኝ ቋንቋ፣ ኮራሁ።

በፈተናው ላይ አንድ የተቀዳ ድምፅ ያናግርሻል። እሱ ይጠይቃል፣ ጢጥ ይላል፣ ለመመለስ ሃያ ሰከንድ ይሰጥሻል፤ ከዚያ ጨረስሽም አልጨረስሽም ይቀጥላል። ዴዝሬ በስልኳ ስትለማመድ እኔ ሊጥ እያቦካሁ እሰማለሁ። አንድ ቀን ድምፁ "ቅዳሜ ሙዚየም አብረን እንሂድ?" አላት።

"እሺ፣ ግን ጠዋት ሥራ አለኝ፣ ከሰዓት ይሻለኛል" አለች።

"ቆይ፣ ቆይ" አልኳት። "ሰውዬው ደህና ማደሩን እንኳ ሳትጠይቂ? ሰው ምን ይለናል?"

"አያቴ፣ ማሽን እኮ ነው!"

"ማሽንስ ቢሆን፣ እናት የለውም?"

"የለውም!"

"ውይ፣ ሲያሳዝን። እንግዲያው የበለጠ ልትጠይቂው ይገባል።"

"ያለኝ ሃያ ሰከንድ ነው!"

"በሃያ ሰከንድ የሚያልቅ ወሬ ለምን ይጀመራል?"

ጭንቅላቷን ጠረጴዛው ላይ ጥላ ሳቀች፤ ጸጉሯ ዱቄት ሆነ። ቀልድ ነበር፤ ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም። በዚህ ቤት ውስጥ ያለ ሰላምታ ምንም ነገር አላስጀምራትም ነበር። ትልቅ ሰው ሲያናግርሽ አስቀድመሽ እሱን፣ ቀጥሎ ቤተሰቡን፣ ቀጥሎ ሕመም ካለው ሕመሙን ትጠይቂያለሽ፤ ጉዳይሽ ከዚያ በኋላ ነው። ለአንቺ ሳልሰጥሽ የቀረሁትን ሁሉ እሷ ላይ አፈሰስኩት። ምን ያህል እንደሰረጸባት አላወቅሁም ነበር።

በሜይ፣ የፈተናው ቀን፣ ከትምህርት ቤት አውቶቡስ ወርዳ ቦርሳዋን ሳታወርድ በሩ ላይ ቆመች።

"አያቴ፣ ተበላሁ።"

"ማን በላሽ?"

"ድምፁ የእኩያዬ ይሆናል ብዬ ነበር። ትልቅ ሴት ናት። ቤተ መጻሕፍት ታስተዳድራለች፣ ለክረምት ረዳት ትፈልጋለች። አነጋገሯ ቁርጥ አክስቴ ሴሌዶኒያ።"

እህቴን ሴሌዶኒያን በጃንዋሪ ነው የቀበርናት። እስከ መጨረሻው እጇን ይዛ የነበረችው ዴዝሬ ናት።

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ፣ እንደምን ዋሉ አልኩ። ቤተሰብዎ ደህና ነው ወይ አልኩ። ጉንፋኑስ ተሻለዎ ልል ስል ጢጥ አለ።"

"አንዴ ብቻ ነዋ።"

"አንዴ ብቻ አይደለም። ሁለተኛ ስትጠይቀኝ፣ ቅድም አቋረጥኩዎ ይቅርታ ብዬ ጀመርኩ። ጢጥ። ከዚያ በኋላ የቀረውን እንዴት እንደመለስኩት አላውቅም።"

"ለመሆኑ መለሰችልሽ?"

"አልመለሰችም። ዝም ብላ ስለ መጽሐፎቿ ቀጠለች።"

"ባለጌ" አልኩ።

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ እሷ ማልቀስ ጀመረች፤ እኔም ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረድኩላት። በጽሑፍ ደብዳቤ በሚጻፍበት ክፍል ላይ ሰላምታ ያልጻፈ ነጥብ ይቀነስበታል አለችኝ። በንግግሩ ላይ ግን ማንም አይፈልገውም። ይህን ያወጡ ሰዎች በሰው ቤት ገብተው ያውቁ እንደሆነ እንጃ።

ውጤቱ የደረሰው በዚህ ወር መጀመሪያ፣ እርሻችን ውሃ በሚጠጣበት ቀን ነው። ዴዝሬ ቦዩ ዳር ቆማ ስልኳን ከፈተች። ሦስቱ ትምህርቶች እንደጠበቅነው ናቸው። ስፓኒሽ፣ ሦስት። የቦዩ አለቃ ኦኖፍሬ አካፋውን ተደግፎ "ከስንት?" አለ።

"ከአምስት።"

"ሦስት! በእኔ ጊዜ ሦስት ያመጣ ልጅ ቢገኝ ቄሱ ደወል ያስደውሉ ነበር።"

"አንተ ውሃህን ጠብቅ" አልኩት። ምስኪን፣ ሊያጽናናት ነው።

አንቺ ስትደውዪ "ውል ውል ነው፣ ዴዝ" አልሽ። ግን እንዳሸነፈ ሰው አልነበረም ያልሽው። ቀጥለሽ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ "ቤቱ ጸጥ ብሏል" አልሽ። ስልኩ በዚያም ቀን ስፒከር ላይ ነበር፤ ይቅር በይኝ። ያቺ ቃል ከእኔ ጋር ቀረች።

ሚስ ኒዬቬስ በማግስቱ መጣች። ቁጭ እንኳ ሳትል "እማማ ሴኖቢያ፣ ይህ የዚች ልጅ ውጤት አይደለም" አለች። ዩኒቨርሲቲው ቋንቋውን ከቤት ለተማሩ ልጆች የቃል ፈተና አለው፤ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ነው የሚያናግራቸው። "ደብዳቤ እጽፍላታለሁ። ሰው ፊት ከተቀመጠችማ ሙሉውን ይሰጧታል። እርስዎ እናትየዋን ብቻ ጥቂት እንድትታገስ ይለምኑልኝ።"

እውነቱን ልንገርሽ፣ ስልኩን አንስቼ ነበር። ቁጥርሽን ጀምሬ መልሼ አስቀመጥኩት። በአንድ በኩል ልጅቷ ቀርታ ወጥ ቤቴ ውስጥ ስትስቅ ይታየኛል። በሌላ በኩል ያቺ ቃልሽ አለች። ሳሎኑን ጠረግሁ፣ ደጁን ጠረግሁ፣ ጠርጌ የማላውቀውን የጎተራውን ጀርባ ጠረግሁ። ዴዝሬ መጥታ መጥረጊያውን ከእጄ ወሰደችና ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

"ስፖኬን ያለውን ኮሌጅ አየሁት" አለች። "እዚያ ሦስትን ሙሉ አድርገው ነው የሚቆጥሩት። እዚህ ያልበቃው እዚያ ይበቃል። አንደኛ ዓመትን እዘልላለሁ። አይገርምም?"

"ይገርማል።"

"የሚስ ኒዬቬስንም መሞከር እችላለሁ። እርስዎ ምን ይላሉ?"

"እንድትቀሪ ነው የምፈልገው" አልኳት። መዋሸት አልፈለግሁም። "ግን ሂጂ።"

"ለምን?"

"እናትሽ ቤቱ ጸጥ ብሏል ብላለች። ጸጥ ያለ ቤት ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። እሷን ያሳደግኋት እዚያ ውስጥ ነው።"

በመጥረጊያው ጫፍ አፈሩ ላይ ትስላለች።

"እዚያ ከማን ጋር ነው ስፓኒሽ የማወራው?"

"ዶሮ ግዢ።"

ሳቀች። ከዚያ ገብታ ሻንጣዋን አወረደች።

ሐሙስ ትደርስልሻለች። የደረቀ በርበሬ ልኬልሻለሁ፤ አባትሽ በተከለው መደብ ላይ የበቀለ ነው። እነዚህንም ወረቀቶች።

የጻፍኩት በስፓኒሽ ነው፤ ማንበብ እንደማትችዪ አውቃለሁ። በእንግሊዝኛ ጀምሬው ነበር። ጽፌ ሳነበው የጻፈችው ያቺ ጀርባዋን የሰጠችው ሴትዮ ሆነች፤ ቀደድኩት። ዴዝሬ ወደ እንግሊዝኛ እየመለሰች ታነብልሻለች። አንዳንድ ቃል ላይ ትቆም ይሆናል፤ አታስቸኩያት፤ እናንተ ቤት ጢጥ የሚል ነገር የለም። ከጨረሰች በኋላ ደግሞ፣ ካልደከማችሁ፣ እንዳለ በስፓኒሽ ታንብብልሽ። ባይገባሽም ድምፁን ስሚው። ጸጉርሽን ስጎነጉን ከኋላሽ የነበረው እሱ ነው። "ምን አልሽ?" ላልሽኝ መልሱ እሱ ነው።

አሁን ሰላምታዬ።

እንዴት ነሽ ልጄ? እንዴት ከረምሽ? ወገብሽን ያ ፈረቃ እንዴት አደረገው? ቀን ስትተኚ እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ? ጎረቤቶችሽ ደህና ሰዎች ናቸው? ከሥራ ስትመለሺ ምን ትበያለሽ፣ ቆመሽ ነው ወይስ ተቀምጠሽ? ስታዝኚ የምትደውዪለት ሰው አለሽ? የሚያስቅሽስ? ሽበት ጀመረሽ ወይ? እኔን በአንቺ ዕድሜ ነው የጀመረኝ። ከባልሽ ስትለያዪ ማን አጠገብሽ ነበር? ይህን ያን ጊዜ ልጠይቅሽ ይገባኝ ነበር፤ አሁን ጠየቅሁሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ኦኖፍሬ ሰላም ብሎሻል፤ ቀይዋ ዶሮ አሁንም አልታረመችም።

ለመልሱ ሃያ ሰከንድ አልሰጥሽም። የፈለግሽውን ያህል ውሰጂ። በየትኛውም ቋንቋ ደውዪ፤ እኔ አወራለሁ።

እግዚአብሔር ስትወጪም ስትገቢም አብሮሽ ይሁን፤ ቤትሽን ድምፅ ይሙላው።

እናትሽ ሴኖቢያ

እነዚህን ወረቀቶች የምትቀበለው ዴዝሬ ናት፣ የቤርና ልጅ፤ ለቤርና፣ ለሴኖቢያ ልጅ፣ ጮክ ብላ እንድታነብላት።